የቅርጫው ፍሪምባና የልጆቹ ዳቦ



የትንሣኤ በዓል ሲቀርብ በየቤቱ የሚታሰበው ነገር ብዙ ነው። ዶሮው ይታሰባል፤ ድፎው ይታሰባል፤ የልጆቹም ልብስ ይታሰባል። ከዚህ ሁሉ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ጋራ የሚያገናኘው ቅርጫው ነው። ዶሮ በየጓዳው ይሠራል፤ በሬ ግን በኅብረት ካልሆነ በቀር ለአንድ ደመወዝተኛ ቤተ ሰብ አቅም የሚቻል አይደለም። ስለዚህ በዚህ ወር ስለ ቅርጫ ሥጋ፥ ይልቁንም ከመደቡ ውስጥ ብዙ ሰው ስለማይመርጠው ስለ ፍሪምባ እንነጋገራለን። ልጆቻችን ከውጭ ለምደው የሚጠይቁንን፥ በፍም የተጠበሰ ሥጋና የቀለጠ አይብ ያለበትን ዳቦ በቤት እንዴት እንደምናሰናዳው እንገልጻለን። ነገሩ የወጥ ቤት ብቻ ቢመስልም፥ በምንተርከው ታሪክ እንደምታዩት የማዕድም ነገር ነው።

በ2017 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ወራት በካዛንቺስ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተ ሰቦች፥ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፥ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ የከተማው ዳርቻዎች ተዛውረው ነበር። እኛ የምናውቃቸው፥ በአንድ ግቢ ዙሪያ ለብዙ ዘመን በአንድ ቅርጫ የኖሩ ሰባት ቤተ ሰቦችም እንዲሁ ወደየአቅጣጫው ተለያዩ። በዓሉ ሲቃረብ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ፥ «ሥጋ በየሰፈራችን አለ፤ ይህን ያህል መንገድ ስለ ምን እንመላለሳለን?» አሉ። አነጋገራቸው ምክንያት አልነበረውም ለማለት አይቻልም፤ መንገዱ ሩቅ፥ የትራንስፖርቱም ወጪ ቀላል አይደለምና። ነገር ግን በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት፥ ሁሉም «እማማ» የሚሏቸው እናት፥ «ሥጋማ በየሰፈሩ አለ፤ እናንተ ግን በየሰፈሩ የላችሁም» ብለው መለሱ። ከዚህ በኋላ የተከራከረ አልነበረም። በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚኖር አንድ ዘመድ ግቢውን ሰጠ፤ በሬውም በዚያ ታርዶ መደቡ ተደለደለ፥ ዕጣውም ወጣ።

እኛም በማግስቱ፥ በማዕዶት ሰኞ፥ «እንኳን አደረሳችሁ» ለማለት ከዚያ ግቢ ደረስን። ለክትፎና ለጥብስ የሚሆነው ለስላሳ ሥጋ በእሑዱ ግብዣ አልቆ፥ በማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረው ፍሪምባው ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ ልጆቹ ተሰብስበው መጡና፥ «እማማ፥ ካዛንቺስ ሳለን እንበላው የነበረውን፥ ሥጋና ቺዝ ያለበትን ዳቦ ይሥሩልን» ብለው ለመኑ። ከትልልቆቹ አንዷ፥ «ደግሞ በፋሲካ የፈረንጅ ምግብ!» ብላ ልትቆጣቸው ጀመረች። እማማ ግን፥ «ተዪአቸው፥ ልጄ፤ የጠየቁት ሰፈራቸውን ነው» አሏትና ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ።

ስለ ፈረንጅነቱም ቢሆን ጥቂት ማሰብ ይገባል። «ካዛንቺስ» የሚለው ስም ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ጠላት አገራችንን በወረረበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበር፤ የድርጅቱ ስም በአሕጽሮት «ኢንቺስ» ይባል ነበር። ቤቶች በጣልያንኛ «ካዜ» ናቸውና፥ «ካዜ ኢንቺስ» የተባለው በከተማችን ሰው አንደበት «ካዛንቺስ» ሆኖ ቀረ። ወራሪው ሲባረር ስሙ ቀረ፤ ከስሙም ጋራ በየሱቁ የምንገዛው ፉርኖ ዳቦ፥ በሰላጣ ላይ የምናፈሰው አቼቶ፥ ታላላቆቻችን ፎርማጆ፥ ልጆቻችን ደግሞ ቺዝ የሚሉት ደረቅ አይብ ቀረ። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽ በዚያው አቅራቢያ ተመርቆ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ካዛንቺስ ከየአገሩ የሚመጣ እንግዳ የሚመላለስበት ሰፈር ሆነ። ስለዚህ በዚያ ሰፈር ያደገ ሕፃን በሥጋና በቺዝ የተሞላ ዳቦ ቢናፍቅ የሚያስገርም አይደለም። ሥጋን በፍም መጥበስ እንደ ሆነ ከአባቶቻችን ዘንድ ያለ ነው፤ ሌላው ዓለም ባርቤኪው ቢለው ስሙ እንጂ እሳቱ አልተለወጠም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንመለስ። እማማ ያደረጉትን ተከትለን፥ ለስምንት ሰው የሚበቃውን መጠን እንጽፋለን። 1 ኪሎ ፍሪምባ፥ እርሱ ባይገኝ የወርች ሥጋ፤ 4 መካከለኛ ራስ ቀይ ሽንኩርት፤ 1 ራስ ነጭ ሽንኩርት፤ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ማር፤ 3 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፤ ጨው፥ ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ በልክ፤ ሩብ ኪሎ የሚቀልጥ ቺዝ፤ አንድ መካከለኛ ድፎ ዳቦ። ድፎው ትናንት የተጋገረ ቢሆን ይሻላል፤ ትኩስ ዳቦ መረቁን ሲጠጣ ይፈርሳል፥ ያደረው ግን ይችለዋልና። ድፎ ከሌለ ፉርኖ ይበቃል።

በመጀመሪያ ሥጋው በአራት ትልልቅ ጉማጅ ይቈረጥና ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይታሻል። ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲሆን፥ ሥጋው በሽቦ ፍርግርግ ላይ ሆኖ በየገጹ 4 ወይም 5 ደቂቃ ይጠበሳል። በዚህ ጊዜ የሚፈለገው እንዲበስል አይደለም፤ ፊቱ እንዲጠቁርና የፍሙን መዓዛ እንዲይዝ ነው። ከዚያ በኋላ በድስት ቀይ ሽንኩርቱ በጥቂት ዘይት ይቁላላል፤ በርበሬው፥ ነጭ ሽንኩርቱና ድልሁ ተጨምረው እንዳያሩ እየተማሰሉ ይበስላሉ። ሥጋው ይገባበታል፤ 2 ብርጭቆ ውኃ፥ ማሩና አቼቶው ይጨመራሉ። ድስቱ ተከድኖ፥ እጅግ በለዘበ እሳት ላይ 3 ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ውኃው እንዳያልቅ አልፎ አልፎ መመልከት ያስፈልጋል።

የፍሪምባ ምሥጢር በዚህ ትዕግሥት ውስጥ ነው። ፍሪምባ ጅማት የበዛበት ስለ ሆነ ፈጥኖ ቢጠበስ እንደ ጫማ ቆዳ ይጠነክራል፤ በእርጥበትና በዝግታ ቢበስል ግን ያ ጅማት እየሟሟ ሥጋውን ያለሰልሰዋል፥ መረቁንም ያወፍረዋል። በሹካ ሲነኩት ተበታትኖ ክር ክር ካለ ደርሶአል። ያን ጊዜ ከድስቱ ወጥቶ በሹካ ይተለተላል፤ መረቁም ያለ ክዳን ፈልቶ ሲወፍር ሥጋው ይመለስበታል፥ ኮረሪማውም ይነሰነስበታል። እንዲህ ፈጽሞ የበሰለ ሥጋ የኮሶ ትል ስጋትም የለበትም።

ሥጋው በድስት ሳለ አንድ ነገር ሆነ። አስቀድማ የተቆጣችው ልጅ፥ «ከቤት አይብ እያለ ቺዝ መግዛት ለምን?» ብላ፥ በቁራሽ ዳቦ ላይ አይብ አድርጋ በጋለው ምጣድ ላይ ደፋችው። አምስት ደቂቃ ጠበቀች፤ አሥር ደቂቃ ጠበቀች፤ አይቡ ደርቆ ተፈረፈረ እንጂ አልቀለጠም። ልጆቹ ሳቁ፤ እርሷም አብራ ሳቀች። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የእኛ አይብ የሚወጣው ቅቤው ከተናጠ በኋላ የቀረውን ኮምጣጣ አሬራ በማሞቅ ነው፤ በኮምጣጣነትና በሙቀት የረጋ ወተት እንደገና ቢሞቅ ውኃውን እየለቀቀ ይደርቃል እንጂ አይፈስም። ሞዛሬላና ፕሮቮሎኔ የሚባሉት ግን ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ወይም እርሱን በሚመስል ማርጊያ የረጉ ስለ ሆኑ፥ ሲሞቁ ይለሰልሳሉ፥ ይለጠጣሉ፥ ይቀልጣሉ። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ከእነዚህ አንዱን መግዛት ግድ ነው። አይቡም ቢሆን አልተናቀም፤ ከጎመን ጋራ ሆኖ በማዕዱ ዳር ቀረበ፥ የሥጋውንም ቅባት አቀለለ።

ቺዙ ከተገዛ በኋላ ድፎው በወርዱ ለሁለት ተሰነጠቀ። የታችኛው ገጽ እሳቱ በተቀነሰ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ተቀመጠ፤ ሥጋው በላዩ ተዘረጋ፤ የተፈገፈገው ቺዝ ሥጋውን እንዲያለብስ ተበተነ፤ አክንባሎውም ተደፋ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አክንባሎው ሲነሣ ቺዙ ቀልጦ በሥጋው መካከል ገብቶ ነበር። የላይኛው ገጽ ተከደነበትና እንደ ሙሉ ድፎ ሆኖ በሰፌድ ወደ ማዕድ ወጣ። ምድጃ ያለው ቤት በምድጃ፥ ምጣድ የሌለው ደግሞ ክዳን ባለው ሰፊ መጥበሻ ሊሠራው ይችላል።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። ይህ ምግብ በውጭ ሲሸጥ ለያንዳንዱ ሰው ለብቻው በወረቀት ተጠቅልሎ ነው፤ ስለዚህ እጅ መታጠብ፥ መቀመጥ፥ ሌላውን መጠበቅ አያስፈልገውም። ልጆቹም ይህንኑ ለምደው ነበርና፥ አንዱ ቁራሹን ለመቀበል እጁን ዘረጋ፥ ሌላው በአንድ እጁ ስልኩን እንደ ያዘ ወደ ደጁ ተመለከተ። እማማ ግን ቢላዋውን አላነሡም። «ዳቦው ገና አልተባረከም፤ ሁሉም ይቀመጥ» አሉ። ስልኮቹ በመስኮቱ ላይ ተቀመጡ፤ የእጅ ውኃ ዞረ፤ የግቢው አባወራ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ድፎውን ቈረሱ። እማማም ከመጀመሪያው ቁራሽ ከፍለው፥ ገና ከዓመት በፊት በአንድ አጥር ይኖሩ ለነበሩት ለጎረቤታቸው ልጅ አጎረሱ። ልጁም በተራው እማማን አጎረሰ፤ ቺዙ ከዳቦው እስከ አፋቸው እንደ ክር ተስቦ ሁሉን አሳቀ። ከዚያ በኋላ ከማዕዱ የተነሣ ልጅ አላየንም። ይልቁንም ማን በየትኛው በር ይኖር እንደ ነበረ፥ የዑራኤል ዕለት ማን ጠበል ያቀርብ እንደ ነበረ እየጠየቁ አመሹ። ሰፈሩን ለመመለስ የሚችል ከመካከላቸው አልነበረም፤ ማዕዱ ግን ተመልሶ ነበር።

እናቶችና አባቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁ የሚወዱትን የውጭ ምግብ ሁሉ በቍጣ አትመልሱት። ከቤታችሁ አስገቡት፥ በቤታችሁም ሥርዓት አስተዳድሩት። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት በኤማሁስ ጌታን ያወቁት በመንገድ ሳይሆን፥ በማዕድ ተቀምጠው እንጀራውን በቈረሰ ጊዜ መሆኑን በዚህ ሰሞን ማሰብ መልካም ነው።

ሳንጽፍ የማናልፋቸው ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፥ ፍም ያለበትን የከሰል ምድጃ ከተዘጋ ቤት ማስገባት ሕይወት ያጠፋል። ጢስ ባይታይበትም እንኳ፥ ከፍሙ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ይወጣል። በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሁሉ ጥብሱን በግቢ ወይም ለጋራ አገልግሎት በተሠራው ሥፍራ ፈጽሙት፤ ይህ ባይመች በብረት መጥበሻ መጥበስ ይቻላል። ሁለተኛ፥ የተረፈው ሥጋ ከ2 ሰዓት በላይ በውጭ ሳይቆይ ከማቀዝቀዣ ይግባ፤ በ3 ቀንም ውስጥ በሚገባ ሞቆ ይበላ። ሦስተኛ፥ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በበዓለ ኃምሳ ረቡዕና ዓርብ የማይጾሙ ቢሆኑም፥ ከዚያ በኋላ ይህን ምግብ የምናሰናዳው የጾሙን ቀን እየለየን ነው። በጾም ቀን ልጆች ቢጠይቁ፥ በዚያው ቁሌት እንጉዳይ ወይም ድፍን ምስር ሠርቶ ያለ ቺዝ በዳቦ መስጠት ይቻላል፤ ሥጋውንና ቺዙን ግን ታግሠው እንዲጠብቁ ማስተማር ራሱ የጾም ትምህርት ነው።

ያን ዕለት ሲመሽ እንግዶቹ ወደ ሩቁ ሰፈራቸው ለመሄድ ተነሡ። እማማ ላልመጡት የሚሆን ቁራሽ በየፌስታሉ እያስያዙ እስከ በሩ ሸኙአቸውና፥ «ለሚመጣው ዓመት ፍሪምባውን ማንም እንዳይለውጠው፤ ልጆቹ ይጠብቁታል» ብለው አዘዙ። እኛም ትእዛዙን ሰምተን ወደየቤታችን ተመለስን።

ቸሩ አምላካችን ማዕዳችሁን ይባርክ፤ የተለያዩትንም በአንድ ማዕድ ይሰብስብ። አሜን።