መድኃኒት በማን ላይ ይፈተን?

በገርጂም ሆነ በኮተቤ፣ በቦሌ ቡልቡላም ሆነ በአያት ራሱን ቆረቆር የያዘው ሕፃን ማየት ብርቅ አይደለም። እናቱ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ ትቀባዋለች፤ ጎረቤት የቅጠል ጭማቂ ይዛ ትመጣለች፤ ሌላው ደግሞ ያገር ቤት መድኃኒት ያስልካል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በቅን ልብ ነው። ነገር ግን ይህ መድኃኒት አስቀድሞ የተፈተነው በማን ላይ ነው? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ያሳዝናል፤ የሚፈተነው በዚያው በሕፃኑ ላይ ነው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ እንደሚያቃጥል የሚታወቀው ልጁ ሲያለቅስ ነው። እኔ በበኩሌ ይህ ልማድ መቅረት አለበት ባይ ነኝ።

ቆረቆርን የሚያመጣው ፈንገስ ነው፤ የሻጋታ ወገን ማለት ነው። ፈንገስን በብርጭቆ ውስጥ መግደል ቀላል ነው፤ በረኪናም ይገድለዋል። ዳሩ ግን በረኪና ጠጥቶ የዳነ ሰው የለም። ፈንገስ በአካሉ አሠራር ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ የቀረበ ስለ ሆነ እርሱን የሚጎዳ ነገር እኛንም ሊጎዳን ይችላል። አምፎቴሪሲን የተባለው መድኃኒት ከከባድ የፈንገስ በሽታ ብዙ ሰው ያድናል፤ ሆኖም ኩላሊትን ይጎዳል። ስለዚህ መድኃኒት በብርጭቆ ውስጥ ከሠራ በኋላ በሕያው አካል ውስጥ መታየት አለበት።

ለዚህ ግሪሲዮፉልቪን ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ከአንድ የሻጋታ ዓይነት ሲገኝ ሰውን ያድናል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ አያሌ ዓመታት የተሞከረው በአትክልት በሽታ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ጄንትልስ የተባለ ተመራማሪ ይህ በሽታ ለያዛቸው ጊኒ ፒጎች በአፋቸው ቢሰጣቸው ዳኑ። ጊኒ ፒግ አይጥ የምትመስል ጭራ የሌላት ትንሽ እንስሳ ናት። ብዙም ሳይቆይ መድኃኒቱ ለሰው ተሰጠ። ከዚያ በፊት በአያሌ አገሮች የታመመውን ሕፃን ፀጉር በራጅ ጨረር ያረግፉት ነበር።

እንስሳትን ማሠቃየት ግፍ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። እውነት አላቸው፤ ቃላቸውም ሊሰማ ይገባል። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቢቻል በእንስሳ ፋንታ ሌላ መንገድ እንዲፈለግ፣ ባይቻል ቁጥራቸው እንዲቀነስ፣ ሥቃያቸውም እንዲቀልል አስተምረዋል።

ለዚህም ዛሬ አንድ ረዳት ተገኝቷል። እርሱም ደካማ ቀፎ ገብቶ የማሩን እንጀራ እየበላ ንብ አርቢውን የሚያስለቅሰው የሰም ትል ነው! ይህ ትል እንደ ሰው አካል በ37 ዲግሪ ሙቀት ይኖራል። በደሙ ውስጥ እንደ ነጭ የደም ሕዋሶቻችን ጀርም የሚውጡ ሕዋሶች አሉት። ተመራማሪው በቀጭን መርፌ ፈንገሱን ከወጋው በኋላ ለአንዳንዶቹ ትሎች መድኃኒቱን ይሰጣል፤ ለሌሎቹ አይሰጥም። ነጭ የነበረው ትል ሕመሙ ሲጸናበት ይጠቁራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ የትኞቹ እንደ ሞቱ፣ የትኞቹ እንደ ተረፉ ይቆጠራል። ወጪው ትንሽ ነው፤ የማይረባው መድኃኒትም እዚያው ስለሚቀር ብዙ አይጦች ከሞት ይድናሉ።

የሆነ ሆኖ ትሉ ሁሉን አይነግረንም። ፀጉር ስለሌለው የራስ ቆረቆርን አያሳይም፤ እንደ እኛ ያለ ኩላሊትም የለውም። ስለዚህ እርሱን ያለፈው መድኃኒት በጥቂት አይጦችና ጊኒ ፒጎች፣ ከዚያም በሐኪም ጥበቃ፣ ፈቅደው በሚገቡ ሰዎች ላይ መታየት አለበት።

አባቶቻችን ፈትነውታል የሚል ካለ የእንዶድን ታሪክ ያስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ተሸካሚ የሚገድል ነገር በደጃችን ተገኘ ማለት ነው። ነገር ግን በሰውና በእንስሳ ላይ ጉዳት የማያደርስ መሆኑ በታወቀ የላቦራቶሪ ሥርዓት ተፈትኖ እንዲረጋገጥ በመጠየቁ አያሌ ዓመታት አለፉ። የሚመረምር ቤት የሌለው ሕዝብ የራሱን ቅጠል እንኳ ሌላው እስኪመሰክርለት ደጅ ይጠናል።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ በትምህርት ቤታችን የሰም ትል በማርባት እድገቱን እንከታተል። ፈንገስ መውጋቱን ግን ለሠለጠኑት እንተው፤ አደገኛ ነውና። ጎረቤታችን የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎቹ ያገር መድኃኒቶችን በዚህ መንገድ ቢመረምሩ አገር ይጠቀማል። ወላጆቻችን ሆይ፣ የቆረቆር ፈንገስ ወደ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ ቅባት ብቻውን አይደርስበትም፤ በአፍ የሚሰጠው መድኃኒት ከጤና ጣቢያ ይጠየቅ። ያልተፈተነውን መድኃኒት አስቀድሞ ትሉ ይቅመሰው፤ የልጅ ራስ መሞከሪያ አይሁን።