ደም ብዛትና አንጎል

በዕለታዊ ንግግራችን «ደም ብዛት» የምንለው በሽታ ስሙ ጥቂት ያሳስታል። በሽታው የደሙ መጠን መብዛት ሳይሆን፥ ደሙ በሥሮቹ ውስጥ ሲያልፍ ግድግዳቸውን የሚገፋበት ኃይል ከልክ ማለፉ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች «የደም ግፊት» ማለታቸው የተገባ ነው።

በዕድሜ የሚበልጡን አንድ የሥራ ባልደረባችን በቅርቡ የግፊት መድኃኒታቸውን ተዉ። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፥ «ራሴን አያመኝም፤ እንግዲህ ድኛለሁ» አሉን። ለምነናቸው ወደ ሐኪም ቤት ሄደው ቢለኩ ግን ግፊታቸው 180 በ110 ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል ግፊት ተሸክመው እንዴት ምንም አልተሰማቸውም? መልሱ የሚገኘው ከአንጎል ዘንድ ነው።

አለቃ ሲገባ ከወንበራችን ብድግ ብንል፥ ደማችን በክብደቱ ወደ እግራችን ይወርዳል። የሚቈጣጠረው ባይኖር ኖሮ ራሳችንን ስተን በወደቅን ነበር። ነገር ግን በአንገታችን ግራና ቀኝ በሚያልፉት ታላላቅ የደም ሥሮችና ከልብ በሚነሣው ዋና ሥር ላይ፥ እንደ ዘበኛ ሆነው ግፊቱን የሚጠባበቁ ረቂቅ ነርቮች አሉ። እነርሱም ግፊቱ መቀነሱን ለአንጎል የታችኛው ክፍል፥ ይኸውም ከኅብለ ሰረሰር ጋር ለሚጋጠመው ስፍራ ያስታውቃሉ። ከዚያ በሚወጣው ትእዛዝ ልብ ይፈጥናል፤ ቀጫጭኑ የደም ሥሮችም ይጠባሉ። ግፊቱ ሲበዛ ደግሞ ትእዛዙ ይገለበጣል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሴኮንድ ይፈጸማል።

ዳሩ ግን በገበያ ዳር የሚያድር ዘበኛ ጫጫታውን እንደሚለምደው ሁሉ፥ ግፊቱ ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ እንደ ሆነ እነዚህም ነርቮች ከፍታውን ይለምዱታል። አንጎልም በሽታውን እንደ ጤና ቈጥሮ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በመድኃኒት ግፊቱ መውረድ ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ድካም ወይም ማዞር ሊሰማ ይችላል፤ በሽተኛውም መድኃኒቱን ጠላቱ ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፥ ግፊት ካለባቸው ጎልማሶች ከመቶው 46 ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በመጋቢት 1936 ዓ.ም. በልብ ሐኪሙ በሃዋርድ ብሩን ሲመረመሩ ግፊታቸው 186 በ108 ነበር። በዚያን ዘመን ግፊትን በደህና የሚያወርድ ፍቱን መድኃኒት አልነበረም። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. በግብፅ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ፥ በመርከብ ውስጥ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተው ተነጋገሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ፥ ሚያዝያ 4 ቀን፥ ራሳቸውን ክፉኛ እንዳመማቸው ተናግረው ወዲያው ሕሊናቸውን ሳቱ፤ ግፊታቸውም ከ300 በላይ በ190 ደርሶ ነበር። በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በዚያው ቀን በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ግፊትን የሚያዘው አንጎል በመጨረሻ ግፊት የሚሰብረው እርሱ ራሱ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ ለአንባቢዎቻችን የምንመክረው አጭር ነው። በስሜታችሁ አትፍረዱ፤ ተለኩ። በተደጋጋሚ ልኬት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይወቀው። መድኃኒቱ ያልተስማማው ሰው ለሐኪሙ ይንገር እንጂ በገዛ ሥልጣኑ አይተወው። በቤትም ወጥ የሚሠራው ሰው፥ በበርበሬው፥ በሽሮውና በዳቦው ያለው ጨው ሁሉ ተደምሮ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፥ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳያልፍ ይጠንቀቅ። ባልደረባችን መድኃኒታቸውን እንደ ገና ጀምረዋል፤ ዛሬም ቢሆን ራሳቸውን አያማቸውም፤ ነገር ግን በየወሩ ይለካሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል እንዲህ ነው።