ከባሕር ወጥቶ ወደ ደጋ ስለ መመለስ

ከልጆቻችን አንዳንዶቹ ለዕረፍት ወደ ጅቡቲ ወርደው፥ ጀልባ ተከራይተው፥ በባሕር ውስጥ ጠልቀው መመለስን ይወዳሉ። ይህን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ባለፈው ጥር የእኅቴ ልጅ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ ሲሄድ እናቱ ያለ እኔ አልሰድም ስላለች፥ እኔም በጀልባው ላይ ተቀምጬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወዳሉት ወደ ሙሻና ወደ ማስካሊ ደሴቶች ከመነሣታችን አስቀድሞ ለያንዳንዱ ጠላቂ ወረቀት ተሰጠ። ወረቀቱ ስለ አስም፥ ስለ ልብና ስለ ጆሮ ሕመም ይጠይቃል፤ ጕዳት ቢመጣም ኀላፊነቱ የፈራሚው ነው ይላል። ልጆቹ ሳያነቡ «የለብኝም» እያሉ ሲፈርሙ ባይ፥ ዕድሜዬን በፍርድ ቤት የሰው ፊርማ ሳገላብጥ የኖርሁ ነኝና ዘገነነኝ። በችሎት ፊት «አላነበብሁትም» ማለት ማንንም ሲጠቅም አላየሁም፤ በባሕር ፊትማ ከዚያም ያነሰ ይጠቅማል።

ጠላቂው በጀርባው የሚያዝለው የብረት ጠርሙስ የታመቀ አየር የሞላበት ነው። አየሩን እንደ ትንፋሹ መጠን ለአፉ የሚያቀብለውን መሣሪያ ፈረንሳውያን ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሠሩት። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት በባሕር ዳር የምንሸከመው የአየር ክብደት ያህል ይጨመራል። ስለዚህ ከ10 ሜትር ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው፥ በሳንባው ያለው አየር እጥፍ ልሁን ሲል ሳንባውን ይቀደዋል። ለጀማሪ የተወሰነው ጥልቀት 18 ሜትር ሲሆን፥ የመጀመሪያውም ትእዛዝ «ትንፋሽህን አትያዝ» የሚል ነው።

የእኅቴ ልጅ ሲወጣ ፊቱ በርቶ፥ አንድ ዓሣ ኮራል የሚሉትን የባሕር ድንጋይ እንደ ቈሎ ሲቈረጥም ድምፁን ሰማሁ አለኝ። እንዲህ ያለ ዓሣ በእርግጥ አለ። እኔ ግን ስለ ባሕር ሆድ የዮናስ ምስክርነት ይበቃኛል ብዬ ከጥላው አልተነሣሁም።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ከጀልባው ከወረዱ በኋላ ይመጣል። ከምንተነፍሰው አየር ከ100 እጅ 78ቱ ናይትሮጅን ነው፤ ይኸውም በጥልቀት ሳሉ ወደ ደምና ወደ ሥጋ ይገባል። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንደሚፈላ፥ በችኰላ የወጣ ሰውም ናይትሮጅኑ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆንበታል። ስለዚህ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳያልፉ ይወጣሉ፤ በ5 ሜትርም ላይ 3 ደቂቃ ይቆማሉ። የቀረው ናይትሮጅን በሰዓታት ብዛት ይወጣል እንጂ ወዲያው አይለቅም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ አየሯ የሳሳ ነው፤ የአውሮፕላኑም ውስጥ እንዲሁ ነው። በባቡር ወይም በመኪና መምጣትም አያድንም፤ ሰውነት ዳገቱን እንጂ መጓጓዣውን አያውቅምና። ሐኪሞች አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ 12 ሰዓት፥ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት በቈላ ይቈይ ይላሉ። ቲኬት ከመቈረጡ በፊት የመጨረሻው መጥለቅ በስንት ሰዓት እንደሚያበቃ መጠየቅ ይገባል።

በሁለተኛው ቀን መጥለቁ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት አበቃ። ከባልንጀሮቹ አንዱ ግን ለዚያው ማታ የአውሮፕላን ቲኬት ቈርጦ ነበር። የጀልባው ሰው ከለከለው፥ እኔም ለመንሁት፤ «ነገ ጧት ካለቃዬ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?» ብሎ ሄደ። በዚያች ሌሊት ትከሻውን ይጠዘጥዘው፥ ጣቶቹም ይደነዝዙ ጀመር። ጠርሙሱን ከመሸከም የመጣ ድካም መስሎት ሁለት ቀን ደበቀው። እንዲህ ያለው ሕመም ፈጥኖ ንጹሕ ኦክሲጅን መስጠትንና፥ አየር ታምቆ እንደ ባሕሩ ጥልቀት በሚጫንበት የብረት ክፍል መታከምን ይሻል፤ ክፍሉም በየከተማው አይገኝም። ልጁ በሕክምና ተሽሎታል፤ ዳሩ ግን ሁለት ጣቶቹ እስከ ዛሬ ብዕር ሲይዙ ይደነዝዛሉ።

እኔና የእኅቴ ልጅ በማግስቱ ማታ ተመለስን። የዚያች የአንዲት ሌሊት የማደሪያ ዋጋ በደብተሬ ተጽፏል። የልጁ እናት ቤቴ ድረስ መጥታ «እርስዎ አብረው ነበሩ፤ ስለ ምን አላስቀሩልኝም?» ባለችኝ ጊዜ ግን የምመልስላት አጣሁ።