የአያቶቻችን ኪታብ የማን ነው?



ወሎም ይሁን ሐረር፣ እናትሽ ቤት በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የእጅ ጽሑፍ ኪታብ ሊኖር ይችላል። ገዢ ቢመጣ ምን ትመልሻለሽ?

ሰብሳቢ ሁሉ ሌባ አይደለም። ሐረር ላይ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ሌላው ችላ ያለውን ኪታብ በራሳቸው ገንዘብ ገዙ፤ ጥረዛ ተምረውም ራሳቸው ጠገኑ። መጀመሪያ መኖሪያ ቤታቸውን፣ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ ክልሉ የሰጣቸውን «የራስ ተፈሪ ቤት» ሙዚየም አድርገው ለሕዝብ ከፈቱ። ንብረቱ የግል ነው፤ በሩ ግን ክፍት ነው።

ባሕር ማዶ ተሻግሮ ካዝና ውስጥ የተቆለፈ ኪታብ ግን ለደረሳውም ለተመራማሪውም ጠፋ ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ የቅርስ ባለቤት እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ማስመዝገብን ግን ግዴታ ያደርጋል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ለእኛ ደግሞ ሌላም ነገር አለ፦ አንዳንዱ ኪታብ ላይ «ወቅፍ» ተብሎ ተጽፏል። ወቅፍ የሆነ አይሸጥም፣ አይወረስም።

«ቢሮ ካወቀው ይወሰድብናል» የሚል ዘመድ አይታጣም፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። ግን ማስመዝገብ ማስረከብ አይደለም።

ስለዚህ እህቴ፣ ስትደውዪ እናትሽን ጠይቂ። አገር ቤት ስትሄጂ እያንዳንዱን ገጽ፣ በዳሩ የተጻፈውን ጭምር፣ በስልክሽ አንሺ። ለሚማርበት ሰው አሳዪ። ኪታቡ አማና ነው፤ ቆልፎ ማስቀመጥ ብቻውን አማናን መጠበቅ አይባልም።

አላህ ያግራልን።