የሴጌቶ ምላጭ እና የፍሬን ዘይት፦ ጓሮ ውስጥ የሚጠገኑት ሞተር ሳይክሎች ጉዳይ

እሁድ ጠዋት ወደ አንዱ የወረዳ ከተማ ብቅ ያለ ሰው ይህን ትዕይንት አያጣውም። አንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ ሞተር ሳይክሉን ደጃፉ ላይ በድንጋይ አስደግፎ አቁሟል። ከጎኑ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሁለት ሦስት ቁልፍ፣ በግማሽ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን እና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ተደርድረዋል። ሰንሰለቱን በናፍጣ ያጥባል። የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካኑ ይቀበላል። ካንዴላውን ፈትቶ ክፍተቱን በሴጌቶ ምላጭ ይለካል። ሰኞ ጠዋት 30 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚጠብቀው ቀበሌ አለ። በአቅራቢያው ጋራዥ የለም፤ ቢኖርም በየወሩ ለመመላለስ ደመወዙ አይፈቅድለትም።

ይህን ሰው አገሩ በሁለት ዓይን ያየዋል፤ ሁለቱም አያዩትም። የመጀመሪያው ዓይን የንቀት ነው፦ «ያልተማረ እጅ፣ ሕገ ወጥ ጥገና» ይላል። ሁለተኛው የጭብጨባ ነው፦ በፌሮ የተበየደ የዕቃ መጫኛ ሲያይ «የአገር በቀል ፈጠራ» ብሎ ያጨበጭብና ያልፋል። የሚናቀውም የሚጨበጨብለትም ሰው ግን አንድ ቀላል ጥያቄ የሚመልስለት አላገኘም፦ በቤት ውስጥ፣ በተገኘው መሣሪያ፣ የትኛውን መጠገን ይቻላል? የትኛውንስ በፍጹም መንካት አይገባም?

መልሱ የሰው ሕይወት ያለበት ስለሆነ በቁም ነገር ሊታይ ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ጉዳዩ ለምን እንደተዘነጋ እንመልከት። በመዲናዋ ስለ ሞተር ሳይክል ሲወራ የሚነሳው ቅሚያና ወንጀል ነው። በ2011 ዓ.ም መጨረሻ አዲስ አበባ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስታግድና ልዩ ፈቃድ ላላቸው ብቻ ስትፈቅድ ዋናው ምክንያት ይኸው ነበር። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም ሌላ ክርክር ነው። ነገር ግን የአገሪቱ ፖሊሲ የሚጻፈው አዲስ አበባ ውስጥ ስለሆነ፣ ሞተር ሳይክል በጸጥታ መነጽር ብቻ የሚታይ ዕቃ ሆኖ ቀረ። ከመዲናዋ ወጣ ሲሉ ግን ያው ሞተር የክትባት ሳጥን ያደርሳል፣ የእንስሳት ሐኪም ይዞ ይወጣል፣ ምጥ የያዛትን ሴት መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ እስከ አስፋልቱ ያወርዳል። ይህ ሞተር በቆመ ቀን የሚቆመው አገልግሎቱ ነው።

ሁለተኛ፣ የጓሮ ጥገና እውቀት የሌለበት መቀጥቀጥ አይደለም። የሙያው ቋንቋ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ካላማዳሪ፦ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። መካኒኮች ከጌታ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ሌላ ረዳት፣ ያለ መጽሐፍ በጆሮና በእጅ ሲያስተላልፏቸው ኖረዋል። ቃሉን ያስተላለፈው ሰንሰለት እውቀቱንም አስተላልፏል።

የሴጌቶውን ምላጭ እንውሰድ። ውፍረቱ ከ0.6 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል። የብዙ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ካንዴላ የሚፈልገው ክፍተት ደግሞ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ምላጩ መለኪያ ይሆናል፤ ጥርሱ ግራና ቀኝ ስለተጣመመ ግን በጀርባው በኩል መለካት አለበት። ይህን የሚያውቅ ሰው የጠፋውን መለኪያ በሌላ መለኪያ ተካ እንጂ በግምት አልሠራም።

የደጋና የቆላውንም ነገር እንይ። ከአርባ ምንጭ የተነሳ ሞተር 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። 40 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ጨንቻ ሲደርስ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አየሩ ስለሚሳሳ በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ ጉልበቱ ይደክማል። ልምድ ያለው አሽከርካሪ ካንዴላውን አይቶ ይህን ያነባል፣ የካርቡራተሩን ቪቴ በጥቂቱ ያስተካክላል። ዳገት የሚበዛበት አካባቢ የሚኖረው ደግሞ ከሞተሩ የሚወጣውን ባለ 14 ጥርስ በባለ 13 ይቀይራል። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ በምትኩ ጎማው ላይ የሚደርሰው የመጎተት ኃይል 8 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህ ስሌት ነው፤ ስሌቱን የሚሠራው ሰው ዲፕሎማ ባይኖረውም ስሌትነቱ አይቀርም።

ዲስክ ፍሬን ያለው ሞተር ውስጥ አየር ሲገባ ደግሞ ንጹሕ የግሉኮስ ቱቦና ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይበቃሉ። ቱቦው ከፍሬኑ መተንፈሻ ላይ ይሰካል፤ ሌላው ጫፍ ፕላስቲኩ ውስጥ ባለ የፍሬን ዘይት ይጠልቃል። እጀታው እየተጨበጠ መተንፈሻው ሲከፈትና ሲዘጋ አረፋው እየወጣ ይታያል። ላይኛው የዘይት ማጠራቀሚያ እንዳይጎድል ብቻ መጠበቅ ነው። ትልልቅ ጋራዦችም የሚሠሩት በመሠረቱ ይህንኑ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጭብጨባው ይገባል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ጭብጨባ አይሻም።

በዚህ ሙያ ውስጥ እጅግ አደገኛው ቃል «ለጊዜው» ነው። የፍሬን ዘይት ጠፋ፤ «ለጊዜው» የሞተር ዘይት ይጨመራል። የሞተር ዘይት ግን የፍሬኑን ጎሚኒዎች ያሳብጣቸዋል። ፍሬኑ በመጀመሪያው ቀን ይሠራል፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ አሽከርካሪው ያምነዋል። ከቀናት በኋላ ጎሚኒው አብጦ ወይ ፍሬኑ ተይዞ ይቀራል፣ ወይ ቁልቁለት ላይ እጀታው ባዶውን ይጨበጣል። የኋላ ጎማውን ዳዶ የሚቆልፈው ትንሽ ፒን ጠፋ፤ «ለጊዜው» ሚስማር ይገባል። ሚስማሩ ተበልቶ ሲወድቅ ማንም አያይም። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለሞተር ሳይክል የተባለ ይመስላል።

ማሻሻያ የሚባሉትም እንዲሁ ናቸው። ጎማው እንዲበላው ያልታሰበ ጭነት ለመሸከም የኋላ መጫኛው በፌሮ ይረዝማል። ጭነቱ ከኋላ ጎማ አልፎ በሄደ ቁጥር የፊት ጎማው ይቀልላል። የሞተር ሳይክል አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው ደግሞ በፊት ፍሬን ላይ ነው። ስለዚህ መጫኛውን ያስረዘመ ሰው ሳያውቀው ፍሬኑንም መሪውንም አዳክሟል። ብየዳው ዋናው አካል ላይ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፦ ሙቀቱ ከብየዳው አጠገብ ያለውን ብረት ጠባይ ይለውጠዋል። ስንጥቁ የሚጀምረው ከራሱ ከብየዳው ጎን ነው፤ ቀለም ከተቀባ ደግሞ አይታይም። የሚታየው ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ የተሰበረ ቀን ነው።

እንግዲህ መስመሩ እዚህ ጋ ይሰመር። ሞተሩን ከሚያስነሳውና ከሚያስኬደው ክፍል ላይ፦ ካንዴላ፣ ሰንሰለት፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካርቡራተር፦ ብልሃት ይፈቀድ። ቢሳሳት ሞተሩ ይቆማል፤ ሰውየው በእግሩ ይሄዳል። ከሚያቆመው፣ ከሚመራውና ጎማውን ከያዘው ክፍል ላይ ግን፦ ፍሬን፣ መሪ፣ የጎማ ቡሎን፣ ዋናው አካል፦ ትክክለኛው ዕቃ እስኪመጣ ሞተሩ ይቁም። ይህ ሕግ ከአንድ ገጽ ወረቀት አይበልጥም። በየጋራዡና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ተለጥፎ ግን አይታይም።

አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ፦ «የቤት ውስጥ ጥገናን እውቅና መስጠት አደጋን መፍቀድ ነው፤ ሁሉም ፈቃድ ወዳለው ጋራዥ ይሂድ።» ሐሳቡ ከቅንነት የመጣ ነው። ነገር ግን ፈቃድ ያለው ጋራዥ ዞን ከተማ ላይ ሆኖ ሞተሩ ቀበሌ ላይ ሲበላሽ ምን ይደረግ? ክልከላው ጥገናውን አያስቆመውም፤ በእጅ ባትሪ ብርሃን ማታ እንዲሠራ ብቻ ያደርገዋል። የማይቀር ነገር ሲሆን፣ በብርሃንና በእውቀት እንዲሠራ ማድረግ ይሻላል።

ትልቁ ጥፋት ግን የግለሰቦቹ አይደለም። ወደ ብዙ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ጓሮ ጎራ ያለ ሰው ሳር የበቀለባቸው ሞተር ሳይክሎች ያያል። በእርዳታ ወይም በበጀት የተገዙ ናቸው። ሲገቡ ርክክብ ተደርጎ ፎቶ ተነስቷል። ከዚያ በኋላ ለዘይት፣ ለሰንሰለትና ለፍሬን ሸራ የሚሆን በጀት አልተያዘም። በትንሽ ብር ያልተቀየረ ዘይት ሞተሩን በላ፤ የተበላው ሞተር «የሚወገድ ንብረት» ተብሎ ተመዘገበ።

ይህን በሽታ ሌሎች ቀድመው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ባሪ ኮልማንና አሜሪካዊው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ ሶማሊያ ሄደው ነበር። ያዩት ነገር ቀላል ጥገና አጥተው የተጣሉ የጤና አገልግሎት ሞተር ሳይክሎችን ነበር። ከዚያ ጉዞ በኋላ ባሪና ባለቤቱ አንድሪያ ኮልማን ከማሞላ ጋር «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ ሌሶቶንና ጋምቢያን ጨምሮ በተለያዩ የአፍሪካ አገራት ሠርቷል። መሠረተ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አሽከርካሪው ራሱ በየቀኑ ከመነሳቱ በፊት ሞተሩን እንዲፈትሽ ማሠልጠን፣ ዕቃውንም ሳይሰበር በጊዜው መቀየር። ከጎረቤት አገር የተገኘው ይህ ትምህርት ለእኛም ወረዳዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ለሠራተኛው ሞተር የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ከቁልፉ ጋር የመፍቻ ስብስብና የአንድ ቀን ሥልጠና ይስጥ፤ በሳምንት ግማሽ ሰዓት የጥገና ጊዜም በሥራ ሰዓት ይቁጠርለት። ለፍሬን ሸራና ለፍሬን ዘይት የሚሆን ጥቂት በጀትም በእጁ ይኑር።

ሁለተኛ፣ የሚቻለውንና የማይቻለውን የሚለየው አንድ ገጽ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በጋምኛና በየአካባቢው ቋንቋ፣ በሥዕል ተደግፎ ይዘጋጅ። መካኒኩ በሚናገረው ቃል ይጻፍ፤ ካንዴላን ማንም በማያውቀው አዲስ ቃል መተካት አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ቅዳሜን ለመንገድ ዳር መካኒኮች ይክፈቱ። የፍሬን፣ የመሪና የብየዳ ምዘና ብቻ ቢሰጡ እንኳ ብዙ ሕይወት ይተርፋል።

አራተኛ፣ ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የተጨመሩ መጫኛዎች በደንብ ይታዩ። ማገድ ብቻ ሳይሆን የሚፈቀደው ልክ በሥዕል ለበያጁ ይሰጠው።

አምስተኛ፣ የተቃጠለው ዘይት የሚሰበሰብበት አንድ በርሜል በየከተማው ይቀመጥ። ዛሬ ወይ ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ ወይ ለምስጥ ተብሎ የአጥር እንጨት ይቀባበታል፤ ሁለቱም መጨረሻቸው አፈሩና ውሃው ነው።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የጉዞው አቅጣጫ ወደ ኤሌክትሪክ ነው። በነዳጅ የሚሠሩት ነባር ሞተሮች እስኪያልቁ ረጅም ዕድሜ ይጠበቅባቸዋል፤ ይህን የሚሸከመው የጓሮው ጥገና ነው። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ሲበዙ ደግሞ መስመሩ ይዞራል። ባለ 72 ቮልት ባትሪ ላይ በስህተት የወደቀ ቁልፍ ብልጭታ ብቻ አይደለም፤ ቃጠሎ ነው። በሴጌቶ ምላጭ የኖረው ብልሃት እዚያ ላይ ሰው ይገድላል። እነዚህን እጆች ዛሬ ያላሠለጠነ አገር ነገ ባትሪውን ይዘው ጓሮ ሲቀመጡ «ሕገ ወጥ» ብሎ ቢጮህ ማን ይሰማዋል?

ያ የግብርና ሠራተኛ እሁድ ማታ ሥራውን ጨርሶ እጁን በናፍጣ፣ ከዚያም በሳሙና ይታጠባል። ሰኞ ጠዋት ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ጨብጦ፣ ሰንሰለቱን በጣቱ ነክቶ ይነሳል። ቀበሌው ላይ የሚጠብቁት ገበሬዎች ሞተሩን ማን እንደጠገነው አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ደርሷል ወይ ብለው ነው። እንዲደርስ የሚያስፈልገው ዕቃና እውቀት ከአንድ የስብሰባ አበል አይበልጥም።