እስክስታውን የሚያውቁት ሰዎች ገና በሕይወት አሉ

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ ጭፈራ ውድድር ላወራችሁ ነው። "መምህርን ደግሞ ምን ነካው?" እንዳትሉኝ፤ ቁም ነገር አለው።

እ.ኤ.አ. በ1935 ኒውዮርክ ውስጥ ዴይሊ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ "ሃርቨስት ሙን ቦል" የሚባል የአማተሮች የዳንስ ውድድር ጀመረ። ቫልሱም ታንጎውም ነበረበት። ሰው ጉድ ያለው ግን በሊንዲ ሆፕ ነው፤ ሃርለም ሰፈር ሳቮይ የሚባል አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ወጣቶች ያሳደጉት የስዊንግ ጭፈራ። የአዳራሽ ልጆች በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ያን ሁሉ ሕዝብ አስነሡት።

ኋላ ግን ዘመኑ ተቀየረ፤ ሳቮይም በ1958 ተዘጋ። ከሳቮይ ዋነኛ ጨፋሪዎች አንዱ ፍራንኪ ማኒንግ ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠራ። በ1980ዎቹ ከአሜሪካና ከስዊድን ወጣቶች ፈልገው አገኙትና አስተምረን አሉት። ዛሬ ሊንዲ ሆፕ በየአገሩ የሚጨፈረው፣ አንዱ ምክንያት፣ ሰውየው በሕይወት እያለ ስለተጠየቀ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። በደርግ ዘመን ወሎ ላሊበላ፣ ጎንደር ፋሲለደስ፣ የእኛው ጎጃም ደግሞ ግሽ ዓባይ የሚባሉ የኪነት ቡድኖች ነበሯቸው። በየቀበሌውም አማተር ኪነት ነበር። ፕሮፓጋንዳ ነበረበት፤ አልክድም። ግን በ1980 ዓ.ም. ግድም ዓለምን የዞረው "ሕዝብ ለሕዝብ" ከየክፍለ ሀገሩ ሰው መርጦ ሊሄድ የቻለው ከሥር የሚመረጥ ሰው ስለነበረ ነው።

ዛሬስ? መድረክ ላይ የምናየው "ጎጃም" አረንጓዴ ቁምጣ፣ አንድ ዱላና ሦስት ደቂቃ ነው። ስምንቱም ተወዛዋዥ እኩል ይነሣል፣ እኩል ይቀመጣል። እስክስታ እኮ እንዲህ አይደለም! እስክስታ መልስ ነው። አንዱ ትከሻውን ይሰብቃል፣ ፊት ለፊቱ ያለው ይመልስለታል፣ ከበሮው እየፈጠነ ይሄዳል፣ አልችልም ያለ ይወጣል። ውድድሩ ድሮውንም ውስጡ አለ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይኸው። አገሩ ሰላም ውሎ ሲያድር፣ በጥር፣ ሠርጉም ጥምቀቱም ባለበት ወር፣ ደብረ ማርቆስ የአማተሮች የእስክስታ ውድድር ይኑራት። ደሞዝ ተከፋይ ተወዛዋዥ አይግባ። በከበሮና በማሲንቆ እንጂ በተቀዳ ዘፈን አይጨፈር። የወጣትም የአዛውንትም ምድብ ይኑረው። ዳኞቹ የቀድሞ የኪነት አባላት ይሁኑ።

"ውድድር ጭፈራን አንድ ዓይነት ያደርገዋል" የሚል ወዳጅ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዳኛው ነጥብ የሚሰጠው ለመመሳሰል ከሆነ። ለመልሱ ከሰጠ ግን እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይመጣል።

የቸኮልኩበት ምክንያት ቀላል ነው። በ1970ዎቹ ሃያ ዓመታቸው የነበሩት ዛሬ ስድሳን አልፈዋል። አንዳንዶቹ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው፤ አንዳንዷም እናታችሁ ትሆናለች። ውድድሩ እስኪመጣ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ቡና ሲፈላ ስልካችሁን አውጡና "እማዬ፣ እስቲ ያኔ እንዴት ነበር የምትጨፍሩት?" በሉ። መጀመሪያ ይስቁባችኋል። ቀጥሎ ትከሻቸው ይመልስላችኋል።

ያገኛችሁትን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ላኩልኝ።