የአሜሪካ ቤዝቦል በሩን ሊዘጋ ይችላል፤ ቁልፉ ግን ተጫዋቾቹ ጋ አይደለም

ዛሬ ስለ ቤዝቦል ነው የምናወራው። አዎ፣ ቤዝቦል። "ኳስ በዱላ መትቶ የሚሮጥበት ጨዋታ ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው?" የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም ሕጉ ሙሉ በሙሉ ገብቶናል ብለን አንዋሽም። ግን የዛሬው ወሬ ሜዳው ላይ አይደለም፣ ከሜዳው ጀርባ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የአሠሪና የሠራተኛ ጉዳይ ነው፤ እሱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። (ካልጠቀስን በቀር ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤም ኤል ቢ የሚባለው ትልቁ የቤዝቦል ሊግ 30 ክለቦች አሉት፤ 29ኙ አሜሪካ፣ አንዱ ካናዳ ቶሮንቶ። በክለብ ባለቤቶቹና በተጫዋቾች ማህበር መካከል ያለው የኅብረት ስምምነት ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ሌሊት ላይ ያበቃል። በእኛ ኅዳር 22 ቀን 2019 ዓ.ም ማለት ነው። እስከዚያ አዲስ ውል ካልተፈረመ ባለቤቶቹ በሩን ይዘጋሉ ተብሎ በሰፊው ይጠበቃል። ፈረንጆቹ "ሎክአውት" ይሉታል።

እኛም ሀገር ስም አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገልጣችሁ ብታዩ "የሥራ ማቆም" እና "ሥራ መዝጋት" የሚሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ታገኛላችሁ። ሥራ ማቆም የሠራተኛው ነው፤ "አልሠራም" ይላል። ሥራ መዝጋት የአሠሪው ነው፤ "አትገባም" ይላል። ይቺን ልዩነት ያዙልን። ነገ "ሚሊየነር ተጫዋቾች አድማ ሊመቱ ነው" የሚል ፖስት ካያችሁ፣ ፖስት አድራጊው ሁለቱን አደባልቋቸዋል።

ባለፈው ጊዜም ይሄው ነው የሆነው። ዲሴምበር 2 ቀን 2021 ውሉ እንዳበቃ ባለቤቶቹ ዘጉ። በሊጉ ድረ ገጽ ላይ የነበረው የተጫዋቾች ፎቶ ወዲያው ተነስቶ ፊት የሌለው ጥላ ተተካ። ዝውውር ቆመ። ልምምድ ማዕከል መግባት ቀረ። ጉዳት ላይ ያለ ተጫዋች ከክለቡ ሐኪም ጋር እንኳን መነጋገር አይችልም ነበር። 99 ቀን ቆየ። ማርች 10 ቀን 2022 ተፈረመ፣ ውድድሩ አንድ ሳምንት ያህል ዘግይቶ ኤፕሪል 7 ጀመረ፣ 162ቱም ጨዋታ ተካሄደ። ስለዚህ ብዙ ሰው "ያን ያህል አልከፋም" ብሎ ረሳው።

ኮሚሽነሩ ሮብ ማንፍሬድም ያልከፋ ነው የሚመስላቸው። (ኮሚሽነሩን የሚመርጡት የክለብ ባለቤቶቹ ናቸው፣ ይሄም ይታወቅ።) በ2025 መጀመሪያ ለዘ አትሌቲክ በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ በእረፍት ወቅት የሚደረግ መዝጋት እንዲያውም ጥቅም እንዳለው፣ ውድድር መሐል ላይ ከሚመጣ መቋረጥ ጋር ሲነጻጸርም በትንሽ ጠመንጃ እንደመጠቀም መሆኑን ተናግረዋል። እኛ ደግሞ ትንሽም ብትሆን ጠመንጃ ጠመንጃ ናት እንላለን።

ታዲያ ጠቡ ምን ላይ ነው? በአንድ ቃል፦ ጣሪያ። የደመወዝ ጣሪያ።

ከአሜሪካ አራት ትልልቅ የስፖርት ሊጎች ውስጥ አንድ ክለብ ለተጫዋቾች በጠቅላላ ከዚህ በላይ መክፈል አይችልም የሚል ጣሪያ የሌለው ቤዝቦል ብቻ ነው። ቅርጫት ኳሱ አለው፣ የአሜሪካ ፉትቦሉም አለው፣ የበረዶ ሆኪው ደግሞ በ2004-05 አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ከተሰረዘ በኋላ አስገብቷል። ቤዝቦል ያለው "የቅንጦት ታክስ" የሚሉት ነገር ነው፤ በ2026 የክለቡ ወጪ ከ244 ሚሊዮን ዶላር ካለፈ ለትርፉ ቅጣት መክፈል ነው። ከከፈልክ ማንም አይከለክልህም።

ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ደግሞ ይከፍላል። ኧረ እንዴት ይከፍላል! ሾሄ ኦታኒን በ10 ዓመት 700 ሚሊዮን ዶላር ያስፈረመው እሱ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 680 ሚሊዮኑ ውሉ ካለቀ በኋላ የሚከፈል ነው። የ2025 የቅንጦት ታክሱ ብቻ ከ160 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይሄ የማያሚ ክለብ ለተጫዋቾቹ በሙሉ ከከፈለው ደመወዝ ይበልጣል። ዶጀርስ በ2024ም በ2025ም ዋንጫውን ወሰደ። የኒውዮርኩ ሜትስም ሁዋን ሶቶን በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን አስፈርሟል።

ስለዚህ ባለቤቶቹ "ይሄ ውድድር አይደለም፣ ጨረታ ነው" ሲሉ ሰሚ አላቸው። የባልቲሞሩ ክለብ ባለቤት ዴቪድ ሩበንስታይን ጣሪያ ቢኖር ደስ እንደሚላቸው በአደባባይ ተናግረዋል። እውነትም አላቸው በከፊል። ዶጀርስ ከአካባቢው የቴሌቪዥን ጣቢያ ጋር የገባው ውል 25 ዓመት፣ 8 ቢሊዮን ዶላር ከምናምን ነው። በአንጻሩ የብዙ ክለቦችን ጨዋታ ያስተላልፍ የነበረው ድርጅት በ2023 ኪሳራ አውጆ ፍርድ ቤት ገባ። አንዱ ቤት ቧንቧው እየፈሰሰ፣ ሌላው ቤት ውሃ በፈረቃ ሆነ ማለት ነው።

ግን እዚህ ጋ ቆም እንበል። የ2025 መደበኛ ውድድርን ብዙ ጨዋታ በማሸነፍ የጨረሰው ዶጀርስ አልነበረም፤ ሚልዋኪ ነው፤ ትንሽ ከተማ፣ መካከለኛ ወጪ፣ 97 ድል። (በኋላ በግማሽ ፍጻሜው ዶጀርስ 4 ለ 0 አሰናበተው፤ ይሄንንም መደበቅ የለብንም።) ደግሞ ባለቤቶቹ "ገንዘብ የለንም" ሲሉ ሒሳባቸውን አያሳዩም። በአክሲዮን ገበያ ላይ ስላለ መጽሐፉን ለመግለጥ የሚገደደው የአትላንታ ክለብ ነው፤ አብዛኞቹ ዝግ ናቸው። ሒሳቡን ሳያሳይ "ደመወዝህን ልገድብ" የሚል አሠሪ ሲያጋጥመን ምን እንደምንል እናውቃለን።

የእኛ ሰው ስለ ጣሪያ እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም ክረምት የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ከዚያ በኋላ "በጓሮ በር" ስለሚከፈል ገንዘብ ስንት ጊዜ ሰማን? ጣሪያ ሲባል ገንዘቡ አይጠፋም፣ መንገዱን ነው የሚቀይረው። ወይ ከበር ጀርባ ይከፈላል፣ ወይ ባለቤቱ ኪስ ይቀራል።

የአሜሪካ ተጫዋቾችም የሚሉት ይሄንኑ ነው። በጁላይ 2025 ማንፍሬድ የፊላዴልፊያን ክለብ ሊያነጋግሩ መልበሻ ክፍል ሲገቡ ኮከቡ ብራይስ ሃርፐር ፊት ለፊት ቆሞ፣ ስለ ጣሪያ ልታወራ ከመጣህ ከክፍላችን ውጣ አለ፤ ስድብም ጨምሮበታል። ሃርፐር የ13 ዓመት፣ 330 ሚሊዮን ዶላር ውል ያለው ሰው ነው። እና ኮሜንት ላይ ወዲያው "ሀብታም ከሀብታም ጋር ተጣላ፣ እኛን ምን አገባን" የሚለው ይመጣል።

እኛ ግን ዓይናችንን ከሃርፐርና ከኦታኒ ላይ ብናነሳ እንመርጣለን። ሊጉ ውስጥ ከሚጫወቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ ክለቡ የሰጠህን ትወስዳለህ፤ በ2026 ዝቅተኛው 780 ሺህ ዶላር ነው። ቀጥሎ ሦስት ዓመት በግልግል ትከራከራለህ። ነጻ ሆነህ ወደፈለግከው ክለብ የምትሄደው ስድስት ዓመት ስትሞላ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ትከሻቸው ወይ ክርናቸው ተበላሽቶ ስድስት ሳይሞሉ ይወጣሉ።

የፒትስበርጉን ፖል ስኪንስን እዩት። በ2025 በናሽናል ሊግ ምርጡ ወርዋሪ ተብሎ የሳይ ያንግ ሽልማትን በሙሉ ድምፅ ወሰደ። የዚያ ዓመት ደመወዙ 875 ሺህ ዶላር ነበር። እርግጥ ሲፈርም 9.2 ሚሊዮን ተሰጥቶታል፣ ለወጣቶች ከተመደበው የቦነስ ፈንድም ከ3 ሚሊዮን በላይ አግኝቷል፤ አይራብም። ያንን ቦነስ የሚያገኙት ግን ጥቂት ናቸው። ምርጡ እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ዓመት ከምናምን ተጫውቶ ክርኑን ቀዶ ሕክምና የገባው ስሙን የማናውቀው ልጅስ?

በ2022 ይሄ ልዩነት በቁጥር ታይቷል። የመጨረሻው ውል ለድምፅ ሲቀርብ በማህበሩ የሥራ አስፈጻሚ ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ የነበሩት ስምንቱም፣ አብዛኞቹ ስመ ጥርና ጥሩ ተከፋይ ነበሩ፣ "አንፈርምም" አሉ። ከየክለቡ የተወከሉት 30 ሰዎች ግን 26 ለ 4 ደገፉ። ውሉ አለፈ። ባለቤቶቹ ደግሞ 30 ለ 0። ኮከቡ መታገስ ይችላል፤ ወረፋ ላይ ያለው አይችልም። ባለቤቶቹ ይሄንን ልዩነት ያውቁታል፤ በሩን የሚዘጉትም ለዚያ ነው ብለን እናምናለን። ዘንድሮም የሚታየው ማህበሩ ውስጥ ይሄ ስንጥቅ ይሰፋል ወይስ ይጠብባል የሚለው ነው።

ማህበሩ ግን ዝም ብሎ የቆመ ማህበር አይደለም። በ1969 ከርት ፍለድ የተባለ ጥቁር ተጫዋች ሳይጠየቅ ወደ ፊላዴልፊያ ተላለፍ ሲባል "እኔ የሚገዛና የሚሸጥ ዕቃ አይደለሁም" በሚል መንፈስ እምቢ ብሎ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው። በ1972 5 ለ 3 ተሸነፈ፤ የእሱም ጨዋታ በዚያው አበቃ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1975 መጨረሻ፣ በሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ጉዳይ ገላጋይ ዳኛ ለተጫዋቾች ፈረደና የነጻ ዝውውር በር ተከፈተ። ሰዎቹ "ጣሪያ" ሲባል የሚቆጡት ይሄን ስለሚያስታውሱ ነው።

1994ንም ያስታውሳሉ። ያኔም ባለቤቶቹ ጣሪያ ፈለጉ፤ ተጫዋቾቹ ኦገስት 12 ሥራ አቆሙ። ያ እውነተኛ አድማ ነበር። 232 ቀን ፈጀ፣ የዓመቱ የፍጻሜ ውድድር ከ1904 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረ። በመጨረሻ ዳኛ ሶንያ ሶቶማየር፣ አዎ፣ ዛሬ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያሉት፣ በማርች 1995 መጨረሻ በባለቤቶቹ ላይ ትእዛዝ ሰጡና ጨዋታው ተመለሰ። ጣሪያው አልገባም።

ከዚያ አድማ በጣም የተጎዳው የካናዳው ሞንትሪያል ነበር። አድማው ሲጀመር 74 አሸንፎ 40 ብቻ ተሸንፎ ከሁሉም ይመራ ነበር። ውድድሩ ሲቀር ክለቡ ከዚያ አላገገመም፤ በ2005 ወደ ዋሽንግተን ተዛውሮ ናሽናልስ ሆነ። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን ስታዲየሙን ታውቁታላችሁ። አንድ ክለብ በዓመት ሜዳው ላይ 81 ጊዜ ይጫወታል። 81 ምሽት ማለት ለኡበር ሹፌሩ፣ ለፓርኪንግ ሠራተኛው፣ ሆት ዶግ ለሚሸጠው፣ ወንበር ለሚጠርገው ገቢ ነው። እነዚህ ድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ወንበር የላቸውም፤ ጨዋታ ከቀረ ግን መጀመሪያ የሚቀርባቸው እነሱ ናቸው። ኦታኒ አንድ ወር ባይከፈለው ቤቱ አይንጋጋም።

ታዲያ መቼ ነው መጨነቅ ያለብን? ዲሴምበር ላይ በሩ ቢዘጋ አትደንግጡ። ተጫዋቾች ደመወዝ የሚከፈላቸው ውድድር ላይ ሲሆኑ ነው፤ ክረምቱን ማንም ቼክ አይቀርበትም፣ ባለቤቱም ትኬት አይሸጥም። እስከ ጃንዋሪ ድረስ በየቀኑ "ንግግሩ ከሸፈ" የሚል ዜና ይመጣል፤ አብዛኛው ድምፅ ብቻ ነው። የፌብሩዋሪ ልምምድ ሲዘገይ ግን ነገሩ እየመረረ ነው ማለት ነው። በ2022ም መጨረሻ ላይ ያስፈረማቸው ማርች ላይ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ተሰርዘዋል መባሉ ነበር።

ኅዳር 22 ሌሊት እዚሁ ነን፤ የሊጉን ድረ ገጽ ከፍተን የኦታኒ ፎቶ መኖር አለመኖሩን እንነግራችኋለን።